ቤን ማክዱዊን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ፦ ከዝግጅቱ እስከ መኪናው በር

በስኮትላንድ ኬርንጎርምስ ተራሮች ውስጥ ያለው ቤን ማክዱዊ ቁመቱ 1,309 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ሐበሻ ይስቃል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሕር ዛፍ ቆሞ ይታያል። «ይሄ ተራራ ነው ጉብታ?» ይባልና በስኒከር ይኬዳል። ከዚያ ግማሹ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ሌላው ደርሶ በጨለማ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ሙከራችን እንደዚያ ነበር። ሰባት ነበርን፤ ወሩ ጁላይ። ከኤድንብራ በ6:00 እንነሳለን ተባለ። ሁለቱ «መንገድ ላይ ነን» ሲሉ ገና ሻወር ውስጥ ነበሩ። የእግር ጉዞውን የጀመርነው 11:30 ላይ ነው። ሸለቆው መጨረሻ ስንደርስ ወጨፎ ያዘን። አንዷ ጓደኛችን ጂንስ ለብሳ ነበር። ብስኩት ሰጠኋት፤ ማሸጊያውን መቅደድ አቃታት። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። «ደህና ነኝ» ስትል ቃሉ አፏ ውስጥ ተጎተተ። እዚያው ዞርን። መኪናው ጋ ስንደርስ 21:00 አልፎ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ ከፍታው አይደለም፤ አየሩ አይሳሳም፣ ትንፋሽ አያጥርም። ችግሩ ርቀቱ፣ ነፋሱ፣ እርጥበቱና ሰዓቱ ነው። ተራራው በሰሜን 57ኛው ዲግሪ ላይ ነው ያለው። እዚያ አካባቢ ዛፍ የሚያበቃው 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ መጠለያ የለም።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአሃዝ የተጻፈው ሰዓት በሙሉ የፈረንጅ ሰዓት ነው። 7:00 ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ 14:00 ሲል ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

1. መንገዱን ምረጡ

ወደ ቤን ማክዱዊ ብዙ መንገድ አለ። በሰሜን በኩል ከኬርንጎርም የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል የሚነሳው አጭሩ ነው። አጭር ስለሆነ ግን ቀላል አይደለም። ቶሎ ወደ ሜዳማው አናት ያወጣና ጉም ውስጥ ይጥላል፤ እዚያ ላይ አቅጣጫ የሚነግር ሸለቆም ወንዝም የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በደቡብ በኩል፣ ከብሬማር መንደር አጠገብ ካለው ሊን ኦፍ ዲ ተነሱ። ረጅም ነው። ደርሶ መልሱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ ወደ 1,000 ሜትር ነው። ጥቅሙ አብዛኛው መንገድ ሸለቆ ውስጥ መሆኑ ነው። አየሩ ቢበላሽ የምትመለሱት በምታውቁት መንገድ ነው። በአንድ ወገን ወጥቶ በሌላው መውረድ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ለሁለተኛው ጊዜ አቆዩት።

መንገዱ አራት ቁራጭ ነው፦

ሀ. ከሊን ኦፍ ዲ እስከ ደሪ ሎጅ፦ 5 ኪሎ ሜትር፣ ሰፊ የጠጠር መንገድ።
ለ. ከደሪ ሎጅ በግሌን ደሪ ሸለቆ እስከ ሃቺሰን ጎጆ፦ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 280 ሜትር ዳገት።
ሐ. ከጎጆው እስከ ሎክ ኤቻካን፦ ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ፣ 220 ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት።
መ. ከሐይቁ እስከ ጫፉ፦ 3 ኪሎ ሜትር፣ 380 ሜትር።

ካርታ ላይ «ሎክ» ሲል ሐይቅ፣ «ግሌን» ሲል ሸለቆ፣ «ኮሪ» ሲል በገደል የተከበበ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ያወቀ ካርታውን ግማሽ አነበበ።

2. ቀኑን ቁረጡ

ወሩ

ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ብቻ። በሜይ ከሐይቁ በላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ከኦክቶበር በኋላ ቀኑ ያጥራል። በበረዶው ወቅት መሄድ ሌላ ሙያ ነው፤ የበረዶ መጥረቢያ፣ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ አጠቃቀሙን መማር ይፈልጋል። ብሬማር ውስጥ በ10 ጃንዋሪ 1982 ከዜሮ በታች 27.2 ዲግሪ ተመዝግቧል። ይህ መንደሩ ላይ ነው፣ ተራራው ላይ አይደለም።

ብርሃኑ

እኛ ያደግነው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት በምትጠልቅበት አገር ነው። እዚህ በጁን መጨረሻ እስከ 22:00 ድረስ ብርሃን አለ። በሴፕቴምበር አጋማሽ 19:30 ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ 15:30 ላይ። «ባለፈው ስንሄድ እኮ እስከ ማታ ብርሃን ነበር» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የሄደበትን ወር ጠይቁት።

ጾሙ

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ደህናው የተራራ ወቅት መሃል ላይ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ቀኑን ቀይሩት። ባዶ ሆድ ሰውነቱን ማሞቅ አይችልም፤ 15:00 ላይ ደግሞ ቁልቁል እየወረዳችሁ ነው የምትሆኑት። ቡድኑ ውስጥ የሚጾም ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰው ሼም ይዞት ዝም ሊል ይችላል።

ትንበያው

ስልክ ላይ ያለው የፀሐይና የደመና ሥዕል አይበቃም። እሱ የከተማ ነው። በተራራ አየር ላይ ብቻ የሚሠራውን ኤምዊስን እና የሜት ኦፊስን (የብሪታንያ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት) የተራራ ትንበያ ክፈቱ። ኤምዊስ ላይ ክልሉ ኬርንጎርምስ ነው። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት፣ ከዋዜማው ማታ፣ ከዚያም ጠዋት እዩት። የሚከተሉትን ፈልጉ፦

• ነፋስ። የሚነገረው በማይል ነው። ጫፍ ላይ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ ከተባለ ሰርዙ። ልምድ ያለው ሰው ሊሄድበት ይችላል፤ እናንተ ገና ናችሁ።
• ጉም። ጫፎቹ ከደመና ነጻ የመሆን ዕድላቸው በመቶኛ ይሰጣል። ዝቅተኛ ከሆነና ኮምፓስ የሚያውቅ ከሌለ እስከ ሐይቁ ብቻ እቅድ ያዙ። ሐይቁ ራሱ ለቀን ጉዞ በቂ ነው።
• የቅዝቃዜ መስመር። ውሃ የሚረጋበት ከፍታ ማለት ነው። ከ1,300 ሜትር በታች ከወረደ ጫፉ ላይ በረዶ ይጠብቃችኋል።
• ዝናብ። የዛሬ ብቻ ሳይሆን የትናንትናውንም እዩ። ጅረቶቹን የሚሞላው የትናንቱ ነው።

ለግምት ያህል፦ ብሬማር 15 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ 9 ገደማ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው 4 ዲግሪ ነው። የረጠበ ልብስ ካለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

3. ሰዓቱን አስሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ስሌቱ የናይስሚዝ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ ጨምሩ። በቃ።

በዚህ መንገድ ላይ ሲሠራ፦

• እስከ ደሪ ሎጅ፦ 1 ሰዓት
• እስከ ሃቺሰን ጎጆ፦ 2 ሰዓት
• እስከ ሎክ ኤቻካን፦ 40 ደቂቃ
• እስከ ጫፉ፦ 1 ሰዓት ከ15

ሲደመር 5 ሰዓት ይጠጋል። ይህ ግን ያለ ዕረፍት፣ ያለ ሽንት፣ ያለ ፎቶ ነው። በዕረፍቱ አንድ ሰዓት ጨምሩ። መመለሻው ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጉልበት ስለሚደክም ቁልቁለት ነው ብላችሁ አትቀንሱ። ጠቅላላው ከ10 እስከ 11 ሰዓት ነው። ሰው ሲበዛ ደግሞ ፍጥነቱ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው።

አሁን የመመለሻ ሰዓት ወስኑ። እኔ 14:00 እላለሁ። 7:00 ላይ የተነሳ ሰው በ13:00 አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ትርፍ አለው። 14:00 ሲሞላ የትም ሁኑ የትም ትዞራላችሁ። ጫፉ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ቢታያችሁም።

ይህን ቤት ሳላችሁ ወስኑ። እዚያ ላይ ሆኖ «ትንሽ ነው የቀረን» የማይል ሰው አላየሁም። ሁሉም በስልኩ ላይ 14:00 ማንቂያ ይሙላ። የአንዱ ሲጮህ ይከራከራሉ፤ የሰባቱ አንድ ላይ ሲጮህ ክርክር የለም።

የመነሻው ሰዓት 7:00 እንዲሆን የሌሊት እንቅልፉ ብሬማር ይሁን። ከኤድንብራ ወይም ከግላስጎው በዚያው ጠዋት መንዳት ይቻላል፤ ግን ከ4:00 በፊት መነሳት ነው፣ ማታ ደግሞ ደክሞ መንዳት አለ። ከአበርዲን ብሬማር ድረስ 201 ቁጥር አውቶቡስ ይሄዳል። ከብሬማር እስከ ሊን ኦፍ ዲ ያለውን 10 ኪሎ ሜትር ግን አይሄድም። ቤንዚን አስቀድማችሁ ሙሉ።

4. ካርታ፦ አንድ በወረቀት፣ አንድ በስልክ

ሊን ኦፍ ዲን ካለፋችሁ በኋላ ስልክ ኔትወርክ የለውም ብላችሁ ተነሱ። ጫፉ ላይ አንዳንዴ ይመጣል። ስለዚህ፦

• የስልኩን ካርታ ቤት ሳላችሁ አውርዱ። ከዚያ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ ወርዷል ማለት ነው። ካልተከፈተ አልወረደም።
• ተራ የመኪና ካርታ ዋጋ የለውም። የከፍታ መስመር ያለው፣ የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ይሁን።
• በወረቀት የዚሁ ድርጅት ላንድሬንጀር የሚባሉት ካርታዎች ቁጥር 36 እና 43 ያስፈልጋሉ፤ ጫፉ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ሁለት ወረቀት ማገላበጥ ከሰለቻችሁ የሃርቪ ድርጅት የኬርንጎርምስ ካርታ ሁሉንም ይዟል።
• ካርታውን ጥሩ ፌስታል ውስጥ አድርጉት። ወጨፎ ወረቀትን በአምስት ደቂቃ ገንፎ ያደርገዋል።
• ኮምፓስ ያዙ። መናፈሻ ውስጥ ወጥታችሁ ተለማመዱ። ጉም ውስጥ የሚለማመድ ሰው እየተማረ አይደለም፣ እየጠፋ ነው።

የካርታ ቁጥር ማንበብም ልመዱ። ሁለት ፊደልና ስድስት አሃዝ ነው። የቤን ማክዱዊ ጫፍ ኤንኤን 989 989 ነው። ያላችሁበትን በዚህ መልክ መናገር ከቻላችሁ አዳኝ ቡድን መቶ ሜትር ውስጥ ያገኛችኋል።

5. ልብስና ጫማ

አንድ ሕግ አለ፦ ጥጥ አትልበሱ። ጂንስ፣ ቲሸርት፣ የጥጥ ካልሲ፣ ሁዲ፣ ሁሉም ጥጥ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ሙቀት ይነጥቃል። ጋቢ እኔም እወዳለሁ። መኪናው ውስጥ ትታችሁት ሂዱ፤ ማታ ስትመለሱ ገነት ነው።

• ገላ ላይ የሚነካው፦ ፖሊስተር ወይም ሱፍ።
• መካከል፦ ፍሊስ።
• ላይ፦ ውሃ የማያስገባ ጃኬት እና ሱሪ። ሱሪውን ብዙዎች ይረሱታል። ጭን ሲረጥብ ነው መላ ሰውነት የሚበርደው።
• ቦርሳ ውስጥ፦ አንድ ትርፍ ሙቅ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት። በጁላይም ቢሆን። አንዱ ጓንት ይረጥባል ወይም ነፋስ ይወስደዋል።
• ጫማ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አትሞሽሩ። ቢያንስ 30 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ ሂዱበት።

ትርፉን ልብስ ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። «ውሃ አያስገባም» የተባለ ቦርሳ ሁሉ ያስገባል።

ከዚህ ሌላ፦ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ፊሽካ፣ ፓወር ባንክ፣ ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ለቡድኑ አንድ የድንገተኛ መጠለያ ከረጢት። የስልክ ባትሪ ሲበርደው ያልቃል፤ ከውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ አድርጉት።

6. ስንቅ

እዚህ ላይ እኛን የሚያህል የለም። ሱቅ ውስጥ በውድ ከሚሸጠው የስፖርት ብስኩት ይልቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይሻላሉ። አይቀልጡም፣ አይፈርሱም፣ በጓንት እጅ ይበላሉ። ጭኮን ቤት ሳላችሁ በትንንሹ ቆርጣችሁ ለየብቻ ጠቅልሉት። ለሚጾም ሰው በዘይት ይለወስ። በሶ ደግሞ ዱቄቱን ይዛችሁ ከፔርሙዝ በፈላ ውሃ ብትበጠብጡት የበረደውን ሰው ያነሳል።

ክትፎና ዶሮ ወጥ ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ፍቅሩን አመስግኑና መኪናው ጋ አስቀሩት። 33 ኪሎ ሜትር ላይ ድስት የሚሸከም ጀግና የለም።

በየሰዓቱ ትንሽ ብሉ። እስኪርባችሁ አትጠብቁ። ውሃ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ፤ ከላይ ካሉት ጅረቶች መቅዳት ይቻላል፣ ማጣሪያ ወይም ማከሚያ ክኒን ካላችሁ።

7. ለአንድ ሰው ተናገሩ

ከቡድኑ ውጭ የሆነ፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ምረጡ። ይህን በጽሑፍ ላኩለት፦ የት እንደምታቆሙ፣ በየት እንደምትወጡ፣ በየት እንደምትመለሱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ የመኪናው ታርጋ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ፣ ካልደወላችሁ በስንት ሰዓት ፖሊስ ጋ እንደሚደውል።

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ጻፉ። «እስከ ሁለት ሰዓት ካልደወልን ፖሊስ ጋ ደውዪ» ብላችሁ ለእናታችሁ ብትጽፉ እሷ የምትረዳው የምሽት ሁለት ሰዓትን ነው፤ ሌላው ደግሞ ከቀኑ 14:00ን። «20:00» ብላችሁ ጻፉ። የቀኑን መጠሪያም ጨምሩ።

8. የጉዞው ቀን

8.1 ከሊን ኦፍ ዲ እስከ ደሪ ሎጅ

መኪና ማቆሚያው ይከፈልበታል፤ ካርድም ሳንቲምም ያዙ። መንገዱ ጫካውን አቋርጦ ከሉዊ ወንዝ ጋር ይሄዳል። ሰፊና ቀላል ነው። እዚህ ላይ ማንም እንደ ሯጭ ይሆናል። ቀስ በሉ። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ብስክሌት ያላችሁ እስከ ደሪ ሎጅ ንዱ፤ ማታ ላይ ይህ 5 ኪሎ ሜትር የማያልቅ ሲመስል ታመሰግኑኛላችሁ።

ደሪ ሎጅ ባዶ ቤት ነው። ሰዓት እዩ። እዚህ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከወሰደባችሁ ጫፉ ለዛሬ አይደለም፤ እስከ ጎጆው ሄዳችሁ ፈታ ብላችሁ ተመለሱ።

8.2 ግሌን ደሪ

ከሎጁ ወደ ሰሜን፣ ደሪ ጅረትን ተከትላችሁ ውጡ። መጀመሪያ ላይ ያረጁ ጥዶች አሉ። ዛፎቹ ሲያበቁ ሸለቆው ይከፈታል።

ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሚጅ የሚባሉ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች ይመጣሉ። እንደ ጭስ ነው የሚከቡት። ፊት ላይ የሚጠለቅ መረብ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል። አትቁሙ፤ እየሄደ ያለ ሰው ብዙም አይነኩትም።

ከደሪ ሎጅ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራውን ያዙ። ቀጥታው ላሪግ አን ሉይ ወደሚባለው መተላለፊያ፣ ወደ ሌላ ወረዳ ይወስዳል። በወሬ የተያዘ ቡድን ይህን መታጠፊያ ያልፈዋል። ምልክቱ፦ የእናንተ መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ገደል ወደከበበው ጎድጓዳ መዞር አለበት። አሁንም ወደ ሰሜን እየሄዳችሁ ከሆነ ተመለሱ።

8.3 ሃቺሰን ጎጆ

ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት። አትቆለፍም። የመጨረሻዋ መጠለያ ናት። ግቡ፣ ብሉ፣ ሙቅ ነገር ጠጡ። ካልሲ አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ፤ የቀላ ቦታ ካለ ውሃ ሳይቋጥር አሁኑኑ ፕላስተር ለጥፉበት።

ከዚያ በየሰው ፊት ዞራችሁ ጠይቁ። «ደህና ነህ?» አትበሉ፤ ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚለው። «ጓንትህን አውልቀህ ዚፕህን ዝጋ» በሉት። ካልቻለ በርዶታል። ቡድኑ ይመለሳል። አንዱን እዚህ ትቶ መሄድ የለም፤ ብቻውን ወደ ታች መላክም የለም።

8.4 እስከ ሎክ ኤቻካን

ዳገቱ ጠንካራ ነው፣ ግን አጭር። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ልብስ አውልቁ፤ ላብ ውስጡን እንዳያረጥበው። ሐይቁ 927 ሜትር ላይ ነው። ስትደርሱ ነፋሱ ይቀበላችኋል፤ ያወለቃችሁትን እዚያው መልሳችሁ ልበሱ።

እዚህ ወደ ኋላ ዙራችሁ ፎቶ አንሱ። ለማስታወሻ አይደለም። ስትመለሱ ማየት ያለባችሁ ይህን ነው። ከሐይቁ ሌላ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሎክ ኤቨን ይወርዳል። በጉም የተሳሳተ ሰው በዚያ ይወርድና ከመኪናው በተቃራኒ፣ ከተራራው ማዶ ራሱን ያገኛል።

8.5 እስከ ጫፉ

ሐይቁን በደቡብ በኩል ይዛችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ውጡ። ከዚህ በላይ ያለው እንደ አገራችን አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ሣሩ አልቆ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። በየቦታው የተካበ ድንጋይ መንገዱን ያሳያል። አንዱ ካብ ጋ ቆማችሁ ቀጣዩን ካላያችሁ አትንቀሳቀሱ፤ ካርታና ኮምፓስ አውጡ።

በግራ በኩል ኮሪ ስፑታን ዴርግ የሚባል ገደል አለ። አፋፉን አትጠጉ። በጁን መጀመሪያም ቢሆን አፋፉ ላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ከንፈር ሊኖር ይችላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው።

ጫፉ ላይ ትልቅ ካብና የመለኪያ ምሰሶ አለ። አጠገቡ ነፋስ የሚከልሉ ዝቅተኛ የድንጋይ ክቦች አሉ። ክቡ ውስጥ ቁጭ በሉ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ከመቀመጣችሁ በፊት የመመለሻውን አቅጣጫ በኮምፓስ ያዙ፤ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ጉም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊጋርደው ይችላል። በምዕራብ በኩል ወደ ላሪግ ግሩ ሸለቆ የሚወርደው ገደላማ ነው፤ «አቋራጭ» የሚል ካለ አትስሙት።

9. ነገር ሲበላሽ

ጉም ከያዛችሁ፦ ሁሉም ቆሞ ይቆጠር። አትበታተኑ። ያለ ኮምፓስ ወደ ፊት አትሂዱ። ያላችሁበትን ቦታ ከስልኩ የጂፒኤስ ካርታ ላይ አረጋግጡ፣ አቅጣጫውን ያዙ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ጅረት ከሞላ፦ ከጉልበት በላይ ከሆነና እየጮኸ የሚሄድ ከሆነ አትሻገሩ። ድልድይ ባለበት ዙሩ፣ ረጅምም ቢሆን። ድልድይ ከሌለ ጠብቁ። ዝናቡ ሲያባራ እዚህ ያሉ ጅረቶች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላሉ።

ሰው ከበረደው፦ ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ መደነቃቀፍ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ነው። ከነፋስ ከልሉት። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት። ከሥሩ ቦርሳ አንጥፉ። ጣፋጭ ነገርና ሙቅ መጠጥ ስጡት። አልኮል በፍጹም። እጅ እግሩን አትሹት። መንቀጥቀጡ ቆሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተሽሎት አይደለም፣ ብሶበት ነው፤ እርዳታ ጥሩ።

ወለምታ ከሆነ፦ ጫማውን አታውልቁ፤ ካበጠ በኋላ አይገባም። ከጫማው ላይ በፋሻ አጥብቁና ይሞክር። መርገጥ ካልቻለ እርዳታ ጥሩ። እዚህ ወጌሻ የለም፤ ማንም አይሸው።

ከመሸ፦ አትሩጡ። ባትሪውን እሰሩ፣ በሰፊው መንገድ ቀጥሉ። ጎጆዋ አጠገብ ከሆናችሁና አየሩ መጥፎ ከሆነ እዚያ እደሩ።

10. እርዳታ መጥራት

999 ወይም 112 ደውሉ። መጀመሪያ ፖሊስ በሉ፤ ከዚያ የተራራ አዳኝ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። አምቡላንስ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ጥሪውን የሚያስተባብረው ፖሊስ ነው። ካርታ ቁጥሩን፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ምን እንደደረሰ ንገሩ። በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብደው ካለ አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በኪሱ አድርጉለት። ሲደነግጡ እንኳን የሰው ቋንቋ፣ የራስም ይጠፋል።

ድምፅ የማይሄድበት ቦታ ላይ ጽሑፍ ሊሄድ ይችላል። ግን መመዝገብ አለባችሁ። ዛሬውኑ ሬጅስተር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፋችሁ ወደ 999 ላኩ፣ የሚመጣውን መልስ ተከተሉ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ኔትወርክ ከሌለ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙት። ማታ በባትሪ ስድስት ጊዜ አብሩ።

የተራራ አዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፍያ የለውም፤ ሄሊኮፕተር ቢመጣም የለውም። «ስንት ያስከፍሉን ይሆን?» ብሎ አንድ ሰዓት ማመንታት የኛ ሰው ልማድ ነው። አታመንቱ።

11. መኪናው ጋ

መጀመሪያ ለተጠሪያችሁ ደውሉ። ኔትወርክ የለም፤ ስለዚህ ብሬማር እንደገባችሁ፣ ምግብ ሳታዙ። አንድ ጊዜ ረስተን፣ ጓደኛችን ፖሊስ ጋ ሊደውል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው ያገኘነው። እኛ በርገር እየበላን ነበር።

ማታ ስትታጠቡ መዥገር ፈልጉ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጭን መጋጠሚያ። የፓፒ ዘር ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ተጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ክብሪት፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን የለም። ቀኑን ጻፉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩ።